የልጄን ሕመም አብራችሁኝ ለታመማችሁ ሁሉ

አልሐምዱሊላህ! ልጄ ከቀዶ ሕክምናው አገግማ ሐይቅ ከተማ ገብታለች፤ ትምህርቷንም ጀምራለች። ብዙዎቻችሁ ብር አዋጥታችሁ፣ ዱዓ አድርጋችሁ፣ ደም ሰጥታችሁ ሳለ ምን እንደገጠማት ግን በቅጡ አልሰማችሁም። ምስጋናዬ ሙሉ የሚሆነው ይህንንም ስነግራችሁ ነው።

መጀመሪያ የክፍሏን መምህር ላመስግን። ጠዋት ጠዋት ራሷን እንደሚያማትና እንደሚያስመልሳት እኛም እናይ ነበር። ሰሌዳውን ለማየት ዓይኗን ሳይሆን ጭንቅላቷን በሙሉ ወደ ላይ እንደምታቀና ያስተዋሉት ግን እሳቸው ናቸው። ቤታችን ድረስ መጥተው «ዛሬ ነገ አትበሉ፣ ደሴ ውሰዷት» አሉን። ጋሼ፣ አላህ ልጆችዎን ያሳድግልዎ። ደሴ ያዩዋት ሐኪምም የዓይኗን ውስጥ ተመልክተው በዚያው ቀን ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፉልን።

ኤምአርአዩ አንጎሏ መሐል ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አሳየ። የተቀመጠው ፓይኒያል በምትባል፣ ከአተር ፍሬ በማትበልጥ ዕጢ ላይ ነው። ዕጢዋ ሲመሽ እንቅልፍ እንዲመጣ የሚያግዘውን ሜላቶኒን ታመነጫለች። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣሉ እንዳስረዱኝ፣ እንዲህ ያለ ከረጢት በብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ ለሌላ ጉዳይ ሲመረመሩ ይገኛል፤ አብዛኛው ጉዳት ስለማያደርስ አይነካም። የልጄ ግን ትልቅ ስለነበር የአንጎል ውሃ የሚያልፍበትን ጠባብ መተላለፊያ ተጭኖ ዘጋው። ራስ ምታቱና ማስመለሱ ከተጠራቀመው ውሃ ግፊት የመጣ ነው። ዓይኗን ወደ ላይ ማንሳት የከለከላትም ከረጢቱ አጠገቡ ያለውን የአንጎል ክፍል መጫኑ ነው። እናቶች ሆይ፣ የልጃችሁ ውጤት ላይ «ሲስት» (እንዲህ ያለው ከረጢት ማለት ነው) የሚል ብታነቡ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ነው ብላችሁ አትሸበሩ፤ «የውሃው መንገድ ተዘግቷል ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

የጥቁር አንበሳ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች፣ ስማችንን አትጥሪ ስላላችሁኝ አልጠራም። ከማጅራቷ በላይ ገብታችሁ፣ በትንሹ አንጎል አናት በኩል አልፋችሁ፣ ትልልቅ ደም ሥሮች ከከበቡት ቦታ በማይክሮስኮፕ እያያችሁ ከረጢቱን አወጣችሁት። ውሃው መንገዱን አገኘ፤ ቱቦ ማስገባትም አላስፈለገም። ለምርመራ የተላከውም ካንሰር አይደለም ተባለ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ስሰማ፣ ልጄ ቀደም ብላ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ወዴት ልወስዳት ነበር ብዬ አለቀስኩ። ትምህርቱን ለጀመሩትም ለቀጠሉትም ዱዓዬ አይቋረጥም።

ከቀዶው በኋላ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲታያት ዓይኗን እያፈራረቃችሁ እየሸፈናችሁ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ያላችኋት ነርሶች፣ እንዳላችሁት አለፈ።

የሰፈራችን ቅሬ (ዕድራችን)፣ ገና ሳንጠይቅ ሳጥኑን ከፍታችሁ ሰጣችሁን። ወደጃ ተቀምጣችሁ በዱዓ ያደራችሁ ሽማግሌዎች፣ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ስለት የተሳላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ሁላችሁም ለአንዲት ልጅ ነው የለመናችሁት። የደሴ ልጆች ሆናችሁ አዲስ አበባ ቤታችሁን የለቀቃችሁልን፣ ስንቅ ይዛችሁ ሆስፒታል በር ላይ የዋላችሁ፣ ብድራችሁን አላህ ይክፈል። ከመንገድ ላይ ተጠርተው ደም የሰጡትን ወጣቶች አላውቃቸውም፤ ይህን የሚያነብ ካለ ያድርስልኝ።

ልጄ ለክትትል ኤምአርአይ እንደገና ትሄዳለች፤ ዱዓችሁ አይለየን።

የምስጋናውን ሶደቃ እሁድ ያደረግነው ዓርብ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጾም ስለሆነ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ፣ የእናንተን በግ የምታርዱት እናንተው ናችሁ፤ ድስቱም ለብቻ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ቤታችን ኑልን።