ለሶስና፣ ስለ ቻርሊ ብራውን ገና

ልጄ ሶስና፣

እንዴት ሰነበትሽ? ለገና የምትሠሩት የአምስት ደቂቃ አኒሜሽን መጀመሩ ደስ ብሎኛል። «የቻርሊ ብራውን ገና የተባለው የካርቱን ፊልም ሥዕሉ እንደዚያ ቀላል ሆኖ እስከ ዛሬ ለምን ይወደዳል?» ያልሽው ለሥራችሁም ስለሚበጅ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ፊልሙ በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን መጀመሪያ የታየው ዲሴምበር 9 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቱ 25 ደቂቃ ገደማ፣ የተሠራበት ጊዜ ደግሞ ስድስት ወር ብቻ። ድርሰቱ ቻርሊ ብራውን የተባለውን ልጅ በሥዕል ታሪኮቹ የፈጠረው የቻርለስ ሹልዝ፣ ዳይሬክተሩ ቢል ሜሌንዴዝ፣ ፕሮዲውሰሩ ሊ ሜንደልሰን ናቸው፤ ወጪውን የቻለው ኮካ ኮላ ነው። የጣቢያው ኃላፊዎች አስቀድመው ሲያዩት ቀርፋፋ ነው፣ የጃዝ ሙዚቃውም አይሄድም ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ። የስርጭት ሰዓቱ ተይዞ ስለነበር ግን ተላለፈ፤ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከሚያየው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው አየው፣ በኋላም ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ። በእኔ እምነት ዕድሜ የሰጡት እነዚያው እንደ ጉድለት የተቆጠሩበት ነገሮች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ድምፁን ልብ በይ። በዘመኑ የካርቱን ልጆችን ሆነው የሚናገሩት በአብዛኛው አዋቂዎች ነበሩ፤ እዚህ ግን የሚናገሩት ልጆች ናቸው። የቻርሊ ብራውንን ታናሽ እህት ሳሊን ሆና የተናገረችው ካቲ ስታይንበርግ ገና ማንበብ ስለማትችል፣ ንግግሩን ቆራርጠው እየነገሯት ትደግም ነበር፤ የተቆራረጠው ቴፕ በኋላ ተገጣጠመ። ሳሊ ለገና አባት የምትልከውን ደብዳቤ ቻርሊ ብራውንን ስታጽፈው አድምጪ፦ አንዱ ሐረግ ይፈጥናል፣ ሌላው ይንጠለጠላል። ያንን በትወና አታመጪውም።

እናንተም መጀመሪያ ድምፅ ቅዱ፤ ሥዕሉ ድምፁን ይከተላል። ወረቀት የያዘ ልጅ እንደ ንባብ ክፍለ ጊዜ ድምፁ ስለሚደርቅ ወረቀት አትስጪው። ሦስት አራት ቃል ንገሪውና ይድገም። ከዚያ በፊት ግን ባለታሪኩ ምን እንደገጠመው አስረጂው፤ አለዚያ ያንቺን ዜማ ገልብጦ ይሰጥሻል። ስትቆርጪ ትንፋሹን አትጣይ። ማንም ሳይናገር ባዶውን ክፍል 30 ሰከንድ ያህል ቅጂና በቁርጦቹ መካከል አስገቢው፤ ካላስገባሽ በየቃሉ መሐል ድምፁ ድርግም እያለ ቅጥሉ ያስታውቃል።

የቻርሊ ብራውን ውሻ ስኑፒም ቃል አይናገርም፤ ሹልዝ ውሻ አይናገርም ብሎ ስለጸና፣ ሜሌንዴዝ ራሱ ትርጉም የሌለው ድምፅ ቀድቶ ቴፑን አፍጥኖ ተጠቀመበት።

ሌላው ዝምታው ነው። ያን ጊዜ በካርቱን ላይ ሳይቀር የተቀዳ ሳቅ ይጨመር ነበር፤ ሹልዝ ግን አሻፈረኝ አለ። ስለዚህ የት እንደሚስቅ ለተመልካቹ የሚነግረው የለም። የቻርሊ ብራውንን ጓደኛ የላይነስን ትዕይንት ደጋግመሽ እዪው። መድረኩ መሐል ቆሞ የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 14 በቃሉ ይላል፤ ዜማ የለም፣ ግርግር የለም። «አትፍሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ዘወትር ከእጁ የማይለየው ብርድ ልብስ ከእጁ ይወድቃል። ስለዚያ ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። አንድ ሰው «አየህ፣ ጣለው!» ቢል ኖሮ ትዕይንቱ ይሞት ነበር። እናንተም የእረኞቹን ክፍል ስለምትሠሩ እዚያ ላይ ሙዚቃ እንድትጨምሩ ቢመክሯችሁም እሺ አትበሉ።

ዝምታ ማለት ግን የደረቀ ምስል ማለት አይደለም። ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ተመልካቹ ፊልሙ የተሰናከለ ይመስለዋል፤ ዓይን ይርገብገብ፣ በረዶ ይውረድ፣ ወይም የክፍሉ ድምፅ ከሥር ይሰማ።

ቪንስ ጓራልዲ ለፊልሙ የሠራው ሙዚቃ ፒያኖ፣ ቤዝና ከበሮ ነው፤ ልጆቹ በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ደግሞ የእውነት ልጆች መዝሙር ይሰማል። ዜማው ቅዝዝ ያለ ነው፤ ቻርሊ ብራውን በበዓል መሐል ለምን ደስ እንደማይለው ማንም ሳያብራራ ይገባሻል። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው፤ የልጅን ሐዘን አያቃልልም።

እንከንም አለበት። ቻርሊ ብራውን ለገና የመረጣት ያቺ የከሳች ዛፍ ስትሸለም ቅርንጫፎቿ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይበዛሉ። ተመልካች ግን ይህን በቀላሉ ያልፋል። የማያልፈው ከድምፁ ጋር የማይሄድ አፍ ነው። ፊልማችሁ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነና እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁ፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃችኋል። አፉን ለእያንዳንዱ ፊደል አትሣይ። በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ላይ ከንፈር ይግጠም፤ ፈ ላይ የታችኛው ከንፈር ጥርስ ይንካ፤ የቀረውን በሦስት አራት የአፍ ቅርጽ ትወጪዋለሽ። ከንፈሩ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀድሞ ይግጠም፤ ከዘገየ ንግግሩ የሌላ ሰው ይመስላል።

የንግግሩን የመጀመሪያ 30 ሰከንድ ቅጂ ሥዕል ሳትጀምሩ ላኪልኝ፣ አብረን እንስማው።

አባትሽ