ላንካስተሮቹ ይብረሩ፣ ትኬቱ ግን ይቅር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ከእንግዲህ መብረር የለባቸውም፣ ሁሉም ሙዚየም ይግቡ ብለው ጽፈዋል። አደጋ ይደርሳል የሚለው ስጋታቸው ይገባኛል። ሁሉንም አንድ ላይ መጨፍለቁ ግን አልተዋጠልኝም።

የእንግሊዞቹን ላንካስተር እንይ። ባለ አራት ሞተር ከባድ ቦምብ ጣይ ነው፤ 7,377 ተሠርቶ ዛሬ ሙሉ አካሉን ይዞ የቀረው 17 ገደማ ነው። ከ3,200 በላይ የሚሆኑት በዘመቻ ላይ ጠፉ፣ ከተረፉት አብዛኞቹ ደግሞ ሰላም ሲመጣ ለቁራሌ ሄዱ። ይሄም ዕድል ነው! ስተርሊንግ የሚባለው ሌላው ቦምብ ጣይ ከ2,300 በላይ ተሠርቶ አንድም ሙሉ አልተረፈም።

የሚበሩት ላንካስተሮች ሁለት ናቸው፦ አንዱ እንግሊዝ ኮኒንግስቢ፣ ሌላው ካናዳ ሃሚልተን። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳው አትላንቲክን ተሻግሮ ሄዶ ሁለቱ ጎን ለጎን በረዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሁለቱም በ1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ስለተሠሩ ማንም ላይ ቦምብ ጥለው አያውቁም። የእንግሊዙ በኋላ አፍሪካ ውስጥ ለካርታ ሥራ ፎቶ ሲያነሳ ነበር። የካናዳው ባሕር ሲቃኝና የጠፋ ሰው ሲፈልግ ቆይቶ፣ ጡረታ ሲወጣ ጎደሪች በምትባል ከተማ ደጅ ላይ ቆሞ ዓመታት በረዶ ሲወርድበት ኖረ፤ እንደገና የበረረው በ1988 ነው።

የዘመቱት ሌሎቹ፣ ሙዚየም ውስጥ የቆሙት ላንካስተሮች ናቸው። ለንደን ሄንደን ያለው "ኤስ ፎር ሹገር" 137 ጊዜ፣ አውስትራሊያ ካንቤራ ያለው "ጂ ፎር ጆርጅ" 90 ጊዜ ዘምተዋል። በጀርመኖቹ ሃምቡርግና ድሬስደን ከተሞች ከቦምቡ በታች የነበሩ ሰዎች ዕጣም ታሪክ ነው፣ ከእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል ራሱ የሞቱት ደግሞ 55,573 ናቸው። እነዚህን የዘመቱትን አውሮፕላኖች አስነስቼ ላብርር የሚል ቢመጣ እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

አደጋው ቀልድ አይደለም። በ2022 ዳላስ ላይ አንድ ቢ-17 የሚባል የአሜሪካ ቦምብ ጣይ በአየር ትርዒት ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 6 ሰው ሞቷል። በ2019 ኮኔቲከት ውስጥ በተከሰከሰው ሌላ ቢ-17 ከሞቱት 7 ሰዎች አምስቱ ለሽርሽር የተሳፈሩ ነበሩ። የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አብራሪውና መካኒኩ አደጋውን አውቀው ይገባሉ፣ ሞተሩን የማስነሳት ሙያም እነሱ ሲሠሩበት ነው የሚቆየው። ትኬት የቆረጠ ጎብኚ ግን ምን ያውቃል?

ያለ ትኬቱ ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚል፣ እንግሊዝ ውስጥ ኢስት ከርክቢ ይሂድ። እዚያ ያለውን ላንካስተር የገዙት ታላቅ ወንድማቸውን በ1944ቱ የኑረምበርግ ዘመቻ ያጡ ሁለት ገበሬ ወንድማማቾች ናቸው። እዚያ አራቱ ሞተር ተነስቶ፣ ከፋይ እንግዳ ተሳፍሮ፣ ሳይበር መሬት ለመሬት ይነዳል። ሰውም ወረፋ ይዞ ይከፍላል።

የአውሮፕላን ወዳጅ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ