«ቤት» የምትለዋ ቃል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ቃላት አመጣጥ ስትጽፉ «ቤት»ን እንዳትዘሏት እለምናችኋለሁ። ዓረብኛው «በይት»፣ ዕብራይስጡ «ባይት» ይላታል። ያው ቤት ነው። የ«በ» ፊደላችንም የግእዝ ስሙ «ቤት» ነው፤ ግሪኮች ደግሞ ይህንኑ ፊደል ከፊንቄያውያን ወስደው «ቤታ» አሉት፣ ከዚያ «አልፋቤት» መጣ። የፈረንጅ ቃል ነው ብለን የተውነው ነገር ለካ ዘመዳችን ነው!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ግጥሙ ነው። እኛ ስንኝ ሲገጥም «ቤት መታ» እንላለን፣ ዓረቦች ደግሞ አንዷን የግጥም መስመር «በይት» ይሏታል።

ቤተልሔምንም እዩዋት። በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ናት፤ በዓረብኛ ግን «ለሕም» ሥጋ ስለሆነ ስሟ «የሥጋ ቤት» ተብሎ ይሰማል። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤትም ቤተልሔም ነው የሚባለው፤ እኔ ልጅ ሆኜ ከከተማዋ ጋር ይምታታብኝ ነበር፣ ትርጉሙን የነገረኝም ሰው አልነበረም። እባካችሁ በልጆች ዓምዳችሁ ላይ ይህን አንድ ቀን አውጡት።

አክባሪያችሁ፣ አንድ አንባቢ