ጥላው ወደ ውሃው ነው የወደቀው

ሀዋሳ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ የቀረሁት በቂም አይደለም። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ሲቆይ ደግሞ እፍረቱ እጄን ያዘው። አሁን ብዕር ያስነሳኝ አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሐይቁ ዳር ወርካውን ያነሱበት ያ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው።

ስንከራከርበት ትዝ ይልሃል? እኔ ውሃው እንዲህ የሚያበራው ጀንበር ስትጠልቅ ነው እል ነበር፤ አንተ ግን ድርቅ ብለህ «ጠዋት ነው» አልክ። ባለፈው እሑድ ፎቶግራፉን ይዤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወረድኩ። ወርካው አሁንም አለ። እንደ አባትህ ወደ ሰሜን ዞሬ ቆምኩ፤ ሐይቁ በግራዬ፣ ፀሐይዋ በቀኜ፣ ከከተማው በኩል። የወርካው ጥላ ወደ ውሃው ተዘረጋ፤ ልክ እንደ ፎቶግራፉ። ማታ ቢሆን ፀሐይዋ የምትገባው ከሐይቁ ማዶ ነውና ጥላው ወደ ከተማው በዞረ ነበር። እውነቱ ካንተ ጋር ነበር፣ ወንድሜ።

ያሳሳተኝ ሰማዩ ነው። ባዶ ነጭ ስለሆነ ዕድሜ ያደበዘዘው ይመስለኝ ነበር። ለካ የድሮ ፊልም ሰማያዊ ብርሃንን ከሌሎቹ ቀለማት አብልጦ ስለሚቀበል፣ ሌንሱ ላይ ቢጫ ማጣሪያ ካልተደረገ ጥርት ያለው ሰማይ ነጥቶ ይቀራል። ውሃውም ያንኑ ንጣት ይዞ ነው የሚያበራው። የማዶው ተራራ እንኳ እስትንፋስ እንደነካው መስታወት ፈዝዟል።

ወርካውን ግን ደጋግመህ ብታየው አትጠግበውም። የማለዳው ብርሃን ዝቅ ብሎ በጎን ስለገባ የግንዱ ስንጥቅ ሁሉ በጣት የሚዳሰስ ይመስላል። በቀለም ቢሆን ዓይኔ አረንጓዴው ላይ ይቀር ነበር እንጂ ቅርፊቱን አላየውም። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ደግሞ ግራጫው ሁሉ ደቃቅ የብር ቅንጣት ነው፤ ከሥሩ ጥቁረት ውስጥም አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። ይህን ሁሉ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው አላየሁትም!

የወረቀቱ ጠርዝ እንደ መስታወት ማብረቅረቅ ጀምሯል፤ ብሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እባክህ፣ ኔጋቲቩ፣ ፎቶግራፉ የታተመበት ፊልም፣ እናትህ ሳጥን ውስጥ ካለ ፈልግልኝ። ስታገኘው መሀሉን በጣትህ አትንካው፣ በጠርዙ ያዘው።

ናፋቂህ