ለአባባ፣ ከሰባተኛው ጨዋታ ማግስት

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎስ እንዴት ሆነልዎ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። እዚህ ክረምቱ ገብቷል፤ የጣና ዳር ዳሩ ደፍርሷል። ሐኪሙ ማንበብ ስለከለከለዎ ደብዳቤውን እህቴ ታነብልዎታለች። ቀስ ብላ፣ ሳትዘል እንድታነበው አደራ ብያታለሁ።

እሑድ ስንደዋወል «አሁንም ሌሊት እየተነሣሽ ያንን የቅርጫት ኳስ ታያለሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አባባ፣ የዛሬው ሌሊት ደግሞ የመጨረሻው ነው» ከማለቴ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል እንቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በልቤ ስነግርዎ ከረምኩና ዛሬ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ በየዓመቱ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ፕሌይኦፍ የሚባለው ይመጣል። 30ዎቹ ቡድኖች 82፣ 82 ጨዋታ ከተጫወቱ በኋላ 16ቱ ይቀሩና ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገጥማሉ። አንዴ ገጥመው ግን አይለያዩም። አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ እስኪገኝ፣ ቢበዛ ሰባት ጊዜ፣ ያው ሁለቱ ይመላለሳሉ። እርስዎ ለመሬት ክርክር ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡ እንደሚያዩት ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ አንደበቱ የቀና ይረታል፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ያኛው ነገሩን አጥንቶ፣ በየት እንደሚመጣበት አውቆ፣ መልሱን ይዞ ይቀርባል። እዚህም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ቀን በግራ እየገባ ሲያስቆጥር ያመሸውን ልጅ፣ በአራተኛው ቀን በግራ በኩል ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። የልጁ ልክ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። እኔም የምነሣው ይህንን ለማየት ነው። በእግር ኳስ ጥሎ ማለፍ አንድ ዕድለኛ ቀን ሊያሻግር ይችላል፤ ሰባት ጊዜ ግን ዕድል ብቻውን አያደርስም።

የዘንድሮው ፍጻሜ የኦክላሆማ ሲቲ ተንደርና የኢንዲያና ፔሰርስ ነበር። ኦክላሆማ 68 ጨዋታ አሸንፎ የመጣ ቡድን ስለሆነ ለኢንዲያና ያሰበለት ሰው ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ኦክላሆማ በአራተኛው ሩብ 15 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ ኢንዲያና እየተጎተተ ደረሰበት፤ ታይሪስ ሃሊበርተን የሚባለው ልጅ 0.3 ሰከንድ ሲቀር ወረወራትና ገባች። 111 ለ110። በ48 ደቂቃ ውስጥ ኢንዲያና የመራው ያቺን የሰከንድ ሽራፊ ብቻ ነው። ጎረቤት እንዳይነቃ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጮኽኩ።

ከኢንዲያና ጋር የቆምኩት ግን በፓስካል ሲያካም ምክንያት ነው። የካሜሩን ልጅ ነው፣ ዱዋላ የተወለደ። አባቱ ቄስ እንዲሆንላቸው በልጅነቱ የካቶሊክ ሴሚናሪ አስገብተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በመኪና አደጋ ዐረፉ፤ እሱ ኤንቢኤ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አባትየው እዚያ ሜዳ ላይ አንድም ቀን አላዩትም። ኳስ በያዘ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

የመጨረሻውን ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ። በ2008 የሰኔ ሚካኤልና ጰራቅሊጦስ በአንድ እሑድ ውለው ነበር። ለሰኞ አጥቢያ ክሊቭላንድ ካቫሊየርስና ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ሰባተኛውን ይጫወቱ ነበር። ጎልደን ስቴት በዓመቱ 73 ያሸነፈ፣ በፍጻሜውም 3 ለ1 ሲመራ የቆየ ነው። በኤንቢኤ ፍጻሜ እንዲያ ተመርቶ ዋንጫ የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጫለሁ። እርስዎ ለሚካኤል ማኅሌት ቆመው ያደሩበት ድካም ሳይወጣልዎ፣ የሐዋርያት ጾም መግቢያ ነው ብለው ለኪዳን ተነሥተዋል። ጋቢዎን ተከናንበው፣ መቋሚያዎን ይዘው ከመኝታ ቤት ሲወጡ 89 እኩል ነበሩ። ዝጊው ሊሉኝ ነው ብዬ ልቤ ፈራ።

አላሉም። አገጭዎን መቋሚያው ላይ አሳርፈው ቆሙ። ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ከሁለቱም ወገን ያስቆጠረ የለም፤ ኳሱ ብረቱን እየነካ ይመለሳል። እኔ ኳሱን ብቻ እያየሁ «ምን ሆነው ነው?» ስል፣ እርስዎ «ደክሟቸዋል። ጉልበታቸውን እዪው እንጂ» አሉኝ። አየሁ። እውነትዎን ነበር። ሲዘሉ እግራቸው ከመሬት አልላቀቅ ይላል፤ ኳሱም ያጥራል። ጨዋታውን የሚተነትኑት ሰዎች እንኳ ያን ጊዜ ይህን እንዲህ አጥርተው ሲናገሩ አልሰማሁም። ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ ያደረ ሰው ግን ለየው።

ከዚያ የጎልደን ስቴቱ አንድሬ ኢጉዳላ ወደ ቅርጫቱ ገሰገሰ፣ የሚያግደው ሰው ያለ አይመስልም። ኳሷን ወደ ሰሌዳው ሲያነሣት የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ ከኋላ ደርሶ ሰሌዳው ላይ ለጠፋት። እርስዎ «ከየት መጣ?» ብለው የሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። 53 ሰከንድ ሲቀር የሌብሮን ጓደኛ ካይሪ ኧርቪንግ በጎልደን ስቴቱ ስቴፍ ከሪ ላይ የሦስት ነጥቡን አገባ። በክሊቭላንድ አሸናፊነት 93 ለ89 አለቀ። ሌብሮን ወለሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «አሸንፎ ለምን ያለቅሳል?» ሲሉኝ፣ የዚያው አካባቢ ልጅ እንደሆነ፣ ከተማዋም በትልልቆቹ ስፖርቶች ዋንጫ ካየች 52 ዓመት እንዳለፋት ነገርኩዎ። «እንግዲያስ ያልቅስ» ብለው ወጡ። የጊዮርጊስ ደወል ከተደወለ ቆይቶ ነበር። እኔ እስከማውቀው ኪዳን ያረፈዱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራተኛው ሩብ ሲደርስ ኳሱን ትቼ ጉልበት አያለሁ።

አሁን የሰሞኑን ልንገርዎ። የኦክላሆማና የኢንዲያና ሰባተኛው ጨዋታ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጀመረ። መብራት ስለሌለ ስልኬን ከስኳሩ ቆርቆሮ ጋር አስደግፌ፣ እርስዎ ትተውት የሄዱትን ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል፤ የስልኩ ድምፅ ስለማይሰማ ዘጋሁት። ሃሊበርተን ባቱን ታሞ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ሩብ ሦስት ጊዜ ከሩቅ አስቆጠረ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ወደቀ። የተረከዙ ጅማት ተበጥሷል። ወለሉን በመዳፉ ይመታዋል፣ ይመታዋል፤ እኔ ጋ ድምፅ የለም፣ ዝናቡ ብቻ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቼ መልሼ አነሣሁት፤ ጓደኞቹ ሳይተዉ እኔ መተው አልሆንልሽ አለኝ።

እሱ በሌለበት እረፍት የወጡት 48 ለ47 እየመሩ ነው። በሦስተኛው ሩብ ኦክላሆማ ራቀ። የኢንዲያና ልጆች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ሲያጎነብሱ አየሁና «ደክሟቸዋል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ወደ በሩ ዞሬ። 103 ለ91 ተሸነፉ። ኦክላሆማ ይገባዋል፤ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር 29 ነጥብ አስቆጥሮ 12 ኳስ ለሌላ አመቻችቶ ነው የጨረሰው። ቅር አላለኝም። ያዘንኩት ለልጁ ነው።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አንድ ሰውዬ ታንኳውን በእንጨት ሞልቶ ይቀዝፋል፤ ቀበቶ ድረስ ረጥቧል። ከኪዳን የሚመለሱት አባቶች «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ። ደህና ናቸው፣ ሁለተኛው ዓይናቸው ተራውን እየጠበቀ ነው አልኩ። ሰላም ብለዎታል።

ፕሌይኦፉ በሚያዝያ እንደገና ይጀመራል። ሐኪሙ መቼ እንደሚለቅዎ እህቴ ትደውልልኝ፤ መናኸሪያ ድረስ እመጣለሁ። መቋሚያዎ ከበሩ ጀርባ እንዳለ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውለዋለሁ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ