ለጤና ሚኒስቴርና ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የሕፃናት የእድገት ምዘና ከቤተሰቡ ይጀመር

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ከሆኑና እድገታቸው ከዘገየ ሕፃናት ጋር የምንሠራ ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች ነን። አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መምሪያ አንጠይቅም። ጤና ኬላውም ሆነ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ኦ-ክፍል ዛሬም ሕፃናቱን የሚያገኝባቸው ቀናት አሉት። በእነዚያ ቀናት ልጁ የሚመዘንበት መንገድ ይስተካከል፣ ድጋፉም የበሽታው ስም እስኪታወቅ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይጀመር ነው የምንለው።

ልጁ ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይመጣል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ማለትም ከባድ የምግብ እጥረት ካሳየ፣ ምን እንደሚደረግ ማንኛዋም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታውቃለች፤ ቁጥሩም ቀጣዩ እርምጃም ተጽፎላታል። ለእድገትም እንዲህ ያለ ቁጥር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የእንቅስቃሴ መለኪያ ከ100 ጤነኛ ሕፃናት 99ኙ 9.2 ወር ሲሞላቸው ሳይደገፉ ይቀመጣሉ፣ በ11.4 ወራቸው ተደግፈው ይቆማሉ፣ በ17.6 ወራቸው ብቻቸውን ይራመዳሉ። ለ15 ወር ክትባት መጥቶ ተደግፎ እንኳ የማይቆምን ልጅ «ጊዜው ሲደርስ ይቆማል» ብሎ መሸኘት የለብንም።

ከቅደም ተከተሉ እንጀምር። መርፌ የተወጋ ልጅ አይጫወትም። እናቱ ላይ ይለጠፋል፣ የተሰጠውን ይወረውራል፣ ባለሙያዋም ቅጹ ላይ «አልቻለም» ብላ ትሞላለች። ስለዚህ ምዘናው ከክትባቱ በፊት ይሁን። ሰሌን ይነጠፍ፣ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ወይም አጠገቧ ይቀመጥ፣ የሚያናግረውም ሰው ቤቱ በሚነገረው ቋንቋ ያናግረው። የተራበ ወይም እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ለሌላ ቀን ይቀጠር። ዕቃው ጥቂት ነው፦ ጎናቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ 10 የእንጨት ኩቦች፣ ኩባያ፣ ኳስ፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ እርሳስና ወረቀት፣ የታወቁ ዕቃዎች ሥዕል። ኩቦቹን የሰፈር አናጺ ይቆርጣቸዋል፤ ጠርዛቸው ይሞረድ፣ ቀለም ግን ባይቀቡ ይሻላል፣ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ቆሎና ሽምብራ ለትንታ ስለሚያጋልጡ ከዕቃው አይግቡ፤ ልጁ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መቆንጠጥ መቻሉን ለማየት ትንሽ የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል።

ብዙ ምዘና የሚበላሸው ግን ገና ዕድሜ ሲሰላ ነው። «ለጥምቀት ነው የተወለደው» ያለች እናት አልተሳሳተችም። ስህተቱ የሚገባው ጥር 11ን በፈረንጅ አቆጣጠር ወደሚሞላ ቅጽ ስንገለብጠው፣ ወይም የክትባት ካርዱን ሳናይ በግምት ስንጽፍ ነው። በ9 ወር ሕፃን ላይ የሁለት ወር ስህተት ጤነኛውን የዘገየ፣ የዘገየውን ጤነኛ ያደርገዋል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅም 2 ዓመት እስኪሞላው የቀደመባቸው ሳምንታት ሊቀነሱለት ይገባል፤ በ32 ሳምንት የተወለደ የ9 ወር ልጅ የሚታየው እንደ 7 ወር ልጅ ነው።

ቀጥሎ ጥያቄው አለ። «ልጅሽ ይናገራል?» ተብላ የተጠየቀች እናት «ይናገራል፣ ተመስገን» ትላለች፤ ሰው ፊት ልጄ አይችልም ማለት ይከብዳል። «ትናንት ውሃ ሲጠማው ምን አደረገ?» ብትባል ግን እጇን ይዞ ወደ ጀሪካኑ እንደጎተታት፣ ወይም ዝም ብሎ እንዳለቀሰ፣ ወይም በጣቱ ጠቁሞ «ውሃ» እንዳለ ትነግረናለች። እነዚህ ሦስት መልሶች ስለ ሦስት የተለያዩ ልጆች ናቸው። በሌላው ዓለም የሚሠራበት «ኤጅስ ኤንድ ስቴጅስ» የተባለው የወላጅ መጠይቅም መሠረቱ ይኸው ነው፦ በ5 ዘርፎች ለእያንዳንዱ 6 ጥያቄ፣ «አዎ» 10 ነጥብ፣ «አንዳንዴ» 5፣ «ገና ነው» 0፤ ወላጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር እንዲሞክረው ይመከራል። ማንበብ ለማትችል እናት ጮክ ተብሎ ይነበብላት። ሌላው ሰው ሲሰማ ግን አይሁን፤ የክትባት ሰልፍ ላይ እውነቱን የምትነግረን እናት ጥቂት ናት።

መሣሪያ ከውጭ እንዳለ ተርጉሞ መጠቀምም አይበጅም። ደረጃ በሌለበት ቤት ያደገን ልጅ «ደረጃ ይወጣል?» ማለት፣ በእጁ የሚበላን ልጅ በሹካ መመዘን፣ እርሳስ ይዞ የማያውቅን ልጅ በክብ ሥዕል መጣል ምዘና አይባልም። 125 ጥያቄዎች ያሉትን «ዴንቨር 2» የተባለ የሕፃናት እድገት መለኪያ ከአገራችን ልጆች ጋር ያስማማ ሥራ ጅማ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በየቦታው አዲስ ቅጽ ከመፈልሰፍ ከዚያ ተነስቶ ለጤና ጣቢያ የሚሆን አጭር ቅጽ ማውጣት ይሻላል።

ልየታው ጥርጣሬ ካሳየ ቀድመው የሚታዩት ጆሮና ዓይን ናቸው። መግል የሚወጣው ጆሮ ሳይታከም «የቋንቋ መዘግየት» ወይም «ኦቲዝም» ተብሎ የተጻፈበት ልጅ ወራቱን ያጣል። የሚጥል በሽታ፣ የደም ማነስና የምግብ እጥረት እንዲሁ በመጀመሪያው ቀን ይጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ ምዘናው የቤቱን ውሎ ተከትሎ ይሂድ። ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ልብስ ሲያለብሱት እጁን ያነሳል? ምሳ ላይ ማን ያጎርሰዋል? ቡና ሲፈላ የት ይቀመጣል? የቤቱ አድካሚ ሰዓት የትኛው ነው? ጥያቄው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ሲያልቅ ቤተሰቡ ራሱ ከሦስት ያልበለጠ ግብ ይመርጣል። «የጣት ቅንጅቱ ይሻሻላል» የሚል ግብ የኛን ፋይል ከመሙላት አያልፍም። «ምሳ ላይ ቁራሽ እንጀራ በራሱ ይዞ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ» የሚለውን ግን አያትም ታያለች፣ ትቆጥራለች። ልምምዱም ተጨማሪ ሰዓት አይፈልግም፤ ልብስ ሲለበስ፣ እጅ ሲታጠብ፣ ሲኒ ሲቀርብ ይገባል። ለእናት በቀን ሁለት ሰዓት ልምምድ ብናዝላት በሳምንቱ ትተወዋለች፣ እኛም «ቤተሰቡ አልተባበረም» ብለን እንጽፋለን!

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር) ያለበት ልጅ ላይ ይህ አካሄድ በግልጽ ይታያል። ክብደቱ ሲወርድ በምግብ እጥረት ይመዘገባል፣ አልሚ ምግብ ይሰጠዋል፣ አገግሞ ይወጣል፣ ከዚያም ተመልሶ ይመጣል። የሚጎርስበትን ሁኔታ ያየ ሰው ካለ ግን ምክንያቱን ያገኘዋል፦ በጀርባው ተኝቶ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ ቀጭን አጥሚት ሲፈስበት ያስለዋል፣ ትን ይለዋል፣ ከዚያ አፉን ይዘጋል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ምግቡ ወፈር ይበል፣ በትንሽ ማንኪያ ይቅረብ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይሰጥ፣ ከበላም በኋላ ወዲያው አይተኛ። ይህን ለማሳየት አንድ የምግብ ሰዓት ይበቃል። እንዲህም ተደርጎ ትን ማለቱ ካልቆመ ወይም ደረቱ ደጋግሞ ከታመመ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ቤተሰብ ስንል እናትን ብቻ አይደለም። ለቀጠሮ የምትመጣው እናት ብትሆንም የትራንስፖርቱን ገንዘብ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አባት ነው፤ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብላ ነገሩን የምትዘጋው ደግሞ አያት ናት። (ይህን አባባል ከባለሙያ አፍም እንሰማዋለን።) ቀጠሮው እነሱም በሚመቻቸው ቀን ይሁን። ልጁን ጸበል የሚወስዱትን መገሠጽም አይጠቅምም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ በጸበሉ ወቅትም እንዳይቋረጥ መስማማት ነው ዋናው፤ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ልጁን ለከባድና ለተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ያጋልጠዋል።

ባለሙያ የለንም የሚለው መልስ በከፊል እውነት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባር ሕክምና) ባለሙያዎች ቢያስተምርም ለየወረዳው አይዳረሱም፤ ጆይና ነህምያን የመሰሉ የኦቲዝም ማዕከላት ያሉትም አዲስ አበባ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና የተነደፈው ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች እንዲሰጡት ነው፦ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች፣ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት። የምርመራ ወረቀት አይጠይቅም። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የልጁ የበሽታ ስም እስኪታወቅ ሥልጠናውን የምናዘገይበት ምክንያት የለም።

ወደ ትምህርት ሚኒስቴር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አድርጎታል። መልካም ነው። የምንፈራው ምዝገባው ወንፊት እንዳይሆን ነው፦ «ሽንቱን አይናገርም፣ ሲያድግ ይምጣ» ተብሎ የሚመለስ ልጅ አለ። ለምዝገባ ቀን በዩኒሴፍና በዋሽንግተን ግሩፕ የተዘጋጀው የሕፃናት ተግባር መጠይቅ ይበቃል፤ ወላጅ ነው የሚመልሰው፣ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ መግባባት፣ መማርና ጠባይ ይጠይቃል፣ ከ2 እስከ 4 እና ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ የተለያየ ቅጽ አለው። ውጤቱ ለመምህሩ እንጂ ለማስመለሻ አይዋል፤ የት ይቀመጥ፣ ሽንት ቤት ማን ይሸኘው፣ ከየትኛው የመርጃ ማዕከል እገዛ ይምጣ የሚለውን ይወስን።

በመጨረሻ ሪፖርቱ። «ይህን ያህል ሕፃናት ተለዩ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ያሳስተናል፤ ተለይቶ ሪፈር የተጻፈለት፣ ወረቀቱም ቤት ተጣጥፎ የቀረ ልጅ እንደ ስኬት ይቆጠራል። የአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከተጠቆመበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምዘናውና የመጀመሪያው የቤተሰብ ዕቅድ ስብሰባ እንዲካሄድ ያስገድዳል፣ ዕቅዱም በየ6 ወሩ ይከለሳል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ሕሙማን መቋቋሚያ ሀብት እንዲመድብ ይላል፤ ቀኑን ግን የሚቆርጠው መመሪያ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር በመመሪያ ይውጣ፦ በ9 እና በ15 ወር ካርድ ላይ የእድገት ጥያቄዎች ይታተሙ፤ እያንዳንዱ ሪፈር ወደ ላከው ጤና ጣቢያ የሚመለስ የመልስ ቅጽ ይኑረው፤ የጤና ሪፖርት በሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 ላይም ከተለዩት መካከል በ45 ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን የቤት ድጋፍ ያገኙት ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ መስመር ይጨመር። ረቂቁን ለማዘጋጀት ስትጠሩን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቀዳማይ ልጅነት ድጋፍ ባለሙያዎች