ለከተማችን ከንቲባና ለክለባችን የቦርድ ሰብሳቢ፦ ልጁን ወይ አጫውቱት፣ ወይ መልቀቂያውን ስጡት

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድሁት በቢሮ በኩል የሞከርነው ሁሉ መልስ ስላጣ ነው። ስለ እግር ኳስ ክለባችን አያያዝና ክለቡ ሳያጫውተውም ሳይለቀውም ስላስቀረው አንድ ወጣት ተጫዋች በደጋፊዎች ማኅበር ስም ያስገባነው አቤቱታ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ቀርቷል። የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ስንጠይቅ «ጉዳዩ የቦርዱ ነው» ይለናል፤ የቦርድ አባላትን ስናገኝ ደግሞ «የቴክኒክ ጉዳይ ስለሆነ አሠልጣኙን አነጋግሩ» እንባላለን፤ አሠልጣኙ በበኩሉ በተሰጠው በጀት የሚችለውን እንዳደረገ ይነግረናል። ቦርዱን የሚሰበስቡት እርስዎ ነዎት፤ የክለቡን በጀት አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበውም እርስዎ የሚመሩት አስተዳደር ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የምንጠይቀው እርስዎን ነው።

ቡድናችን በምድቡ የደረጃ ሰንጠረዥ ግርጌ እንደሚገኝ ያውቃሉ። በመሸነፋችን ብቻ ግን አቤት አንልም፤ ተሸንፎ የሚታገል ቡድን በዝናብ ቆመን ደግፈናል። የሚያንገበግበን ሽንፈቱን በየክረምቱ በገዛ ገንዘባችን የምንገዛው መሆኑ ነው። ሐምሌ ሲገባ አሠልጣኝ ይሰናበታል። አዲሱ አሠልጣኝ ማን እንዳዘጋጀው የማናውቀውን የስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ በዝርዝሩ ያሉት በአብዛኛው የአንድ ዓመት ውል ይፈርማሉ፤ ነባሮቹ በስልክ ይሰናበታሉ። አንደኛው ዙር ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሳይግባቡ ያልቃል፤ በሁለተኛው ዙር ደመወዝ ዘግይቶ ልምምድ ይቆማል፤ ሰኔ ላይ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ስለሚሄድ፣ ክለቡ ያን ሁሉ የፊርማ ክፍያ ከፍሎ በእጁ የሚቀር ነገር የለውም። በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ሥራ ይደገማል።

አቤቱታችን ላይ ጉዳዩ የሰፈረውን ልጅ ያስታውሱ እንደሆነ አላውቅም። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ክለቡ ግን በደንብ ያውቀዋል። ከመንዝ ወገን ለትምህርት መጥቶ አክስቱ ቤት እየኖረ በተስፋ ቡድናችን፣ ማለትም በክለቡ የወጣቶች ቡድን፣ ያደገ የግራ መስመር ተከላካይ ነው። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ዙር ነባሮቹ ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ባቆሙበት ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ ማልያውን ለብሰው ገቡ፤ ሳይወርድ የቀረው ቡድን በአብዛኛው የእነርሱ ላብ ነው። የሁለት ዓመት ውልም ተሰጠው፤ ቤተሰቡም ልጃችን ሥራ ያዘ ብሎ ደስ አለው። ክረምት ላይ አዲሱ አሠልጣኝ አንድም ቀን ሲጫወት ሳያየው «ዝርዝሩ ውስጥ የለህም» ተባለ። ይህንንም ይሁን ብሎ ተቀበለ። ሌላ ክለብ ሊያስፈርመው ጠይቆት ነበርና መልቀቂያ እንዲሰጡት ለመነ፤ «ቦርዱ ሳይሰበሰብ አይሰጥም» ተባለ። ቦርዱ ሳይሰበሰብ የተጫዋቾች ምዝገባ ጊዜ አለፈ። ያልተከፈለው የሦስት ወር ደመወዝም እስከ ዛሬ አልተከፈለውም።

በእርሱ ቦታ የፈረመው ተጫዋች ጉዳት ይዞ መጥቶ የዓመቱን ብዙ ጊዜ በሕክምና አሳልፏል፤ እርሱንም አልወቅሰውም፤ ጥፋቱ ሳይመረምር ያስፈረመው አካል ነው። የኛ ልጅ ግን አሁን በግንባታ ቦታ ብሎኬት ይሸከማል። ውል አለው፣ ክለብ የለውም። ክለቡ አያጫውተውም፣ አይከፍለውም፣ አይለቀውምም። ክቡር ከንቲባ፣ አንድ መንግሥታዊ ተቋም በአንድ ወጣት ላይ ይህን ሲፈጽም ምን ይባላል?

ደንቡን እንደሚያውቁት አምናለሁ። በፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 14bis መሠረት፣ ክለብ የተጫዋቹን ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። በአገር ውስጥ ውል ላይ ዳኝነቱ የፌዴሬሽናችን ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን የውል መከበርን በራሱ ደንብ እንዲያስጠብቅ ፊፋ ግዴታ ጥሎበታል። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን አንቀጽ አያውቅም፣ ጠበቃም የለውም። ክለቡ ግን ያውቃል፤ እያወቀ ነው ዝም ያለው።

ገንዘቡ የማን እንደሆነም መነሳት አለበት። ከከተማው በጀት ይወጣል፤ ከመምህሩና ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በመዋጮ ይቆረጣል፤ ነጋዴውም ይጠየቃል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ ጭንቀቱ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ክለቦች ወጪ ከአቅም በላይ መሆኑ ነበር። የደመወዝ ጣሪያ ቢኖርም በፊርማ ክፍያ ስም የሚወጣው ካልተገለጸ ትርጉም አይኖረውም። የኛ ክለብ ለማን ስንት የፊርማ ገንዘብ እንደከፈለ፣ ለደላላ የወጣ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን፣ ለደጋፊውም ለአዋጪውም አንድ ቀን ተነግሮ አያውቅም።

በየዓመቱ በስም ዝርዝር ተጫዋች መግዛት ውጤት ያመጣል የሚሉ የቦርድ አባላት አሉ። የአንድ ዓመት ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሳ፤ አሠልጣኙ በቀጣዩ ዓመት ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሌላ ዋንጫ ወሰደ፤ ጅማ ግን በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ዋንጫ ያነሳ ክለብ እንዲህ ከሆነ፣ ዋንጫ በአጠገቡ ያላለፈው የኛ ክለብ በዚሁ መንገድ የት ሊደርስ ነው?

ተጫዋች ደግሞ አላጣንም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ መሃል ሜዳ ውርጭ ድረስ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሞልቷል። በነዚህ አስጨናቂ ዓመታት ለዞናችን ወጣት ተስፋ የሚሆነው ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ክለቡ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። በጀት አነሰ ተብሎ መጀመሪያ የተበተነው ግን ተስፋ ቡድኑ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የክለቦች ፈቃድ አሰጣጥ ደንብ ክለብ የወጣቶች ቡድን እንዲኖረው ይጠይቃል። አንድ ተጫዋች በክፍያ ወደ ውጭ አገር ክለብ ሲዛወር ደግሞ፣ የዝውውር ክፍያው 5 በመቶ ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የልጆቹ ምዝገባ በሥርዓት መያዙ ነው። እኛ ምዝገባውንም ልጆቹንም በትነናል። ለአንድ ጉዳተኛ ተጫዋች የወጣው የፊርማ ክፍያ ለተስፋ ቡድኑ ኳስ፣ ጫማና የትራንስፖርት ወጪ ምን ያህል ያገለግል እንደነበር የክለቡ ሒሳብ ሠራተኛ ሊነግርዎ ይችላል።

የክረምቱ ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ቦርዱን ይሰብስቡ። አጀንዳው አዲስ የስም ዝርዝር ማጽደቅ አይሁን። ያለፉት ዓመታት የፊርማ ክፍያ በኦዲት ተጣርቶ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ፤ ተስፋ ቡድኑ በራሱ የበጀት መደብ እንደገና ይቋቋም። ከሁሉ በፊት ግን የዚያን ልጅ የሦስት ወር ደመወዝ ያስከፍሉት። ከዚያ ወይ ወደ ልምምድ ይጥሩት፣ ወይ መልቀቂያው ላይ ይፈርሙለት። ይህን ለማድረግ በጀት መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ የምዝገባው ጊዜ ዘንድሮም ካለፈበት ግን ሁለተኛ ዓመቱን ያለ ጨዋታ ያሳልፋል።

ከክለቡ ደጋፊና አዋጪዎች አንዱ
ሰሜን ሸዋ